የፈረሱ ጨጓራና የውሻው ሳህን

በጥምቀት ማግስት ማለዳ አንድ ጎልማሳ ፈረሱን ይዞ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። ከአዘዞ መንገድ እስከ እኛ በር ያለችውን አጭር ርቀት ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው። ለበዓሉ አንገቱ ላይ የታሰረለት ቀይ ጌጥ ገና አልተፈታም። በሩ ላይ ሲደርስ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘረጋ፣ ክብደቱን በኋላ እግሮቹ ላይ ጣለ፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልልም አለ።

«ዶክተር፣ ዓይን ነው የበላብኝ» አለኝ ሰውየው። «ትናንት እሱን ያላየ ሰው የለም።»

የፊት ሰኮናውን በመዳፌ ያዝኩት። ይፋጃል። ከሰኮናው ከፍ ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ያለው የደም ስር ጣቴን እየገፋ ይመታል።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ ምን በላ?»

«ገብስ ነዋ! ሲጋልብ ነው የዋለው። አንድ ሙሉ ቁና አፈሰስኩለት። ካስኩት።»

ይህ ሰው ፈረሱን ይወዳል። ገብሱንም ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ነው የሰጠው። ጎንደር ውስጥ ስሠራ በክፋት የተጎዳ እንስሳ አልፎ አልፎ ነው የማየው። በየቀኑ የማየው በደግነትና በልማድ የተጎዳውን ነው። ፈረሱንም ውሻውንም በራሳችን ሆድ እንለካቸዋለን። እኛን ሲደክመን የሚያበረታን እህል ፈረሱንም ያበረታዋል ብለን እናስባለን። እኛ የበላነው ወጥ ለውሻውም ይሆናል እንላለን። ሆዳቸው ግን የራሱ ሕግ አለው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ሕግ በቀላል አማርኛ ለማስረዳት ነው።

የፈረስ ሆድ እንዴት ይሠራል?

ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም። ጨጓራው አንድ ነው፤ ያውም ለሰውነቱ ሲታይ ትንሽ። 500 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ የፈረንጅ ፈረስ እንኳ ጨጓራው የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው። የእኛ አገር ፈረስ ብዙውን ጊዜ የዚያን ግማሽ ነው የሚመዝነው። እንዲህ ያለ ጨጓራ የተሠራው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ለመቀበል ነው። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ሰዓት ያህሉን ሲግጥ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፈረስ አያስታውክም። በጉሮሮውና በጨጓራው መገናኛ ላይ ያለው ጡንቻ ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ወደ ውጭ አይመልስም። እኛ ከመጠን በላይ ስንበላ ወይም የተበላሸ ስንበላ አስታውከን እንገላገላለን። ፈረስ ያ መውጫ የለውም። የገባው ሁሉ ወደፊት መሄድ አለበት። ካልሄደ ጨጓራው ሊፈነዳ ይችላል።

ሳርና ገለባው የሚብላላው ከኋላ ነው። ትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ሰፊ ከረጢት አለ። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። ይህን ከረጢት እንደ ሊጥ ማቡኪያ አስቡት። እናቶቻችን እርሾውን ጠብቀው፣ ዱቄቱን መጥነው፣ ጊዜ ሰጥተው ሊጡን ያቦካሉ። የፈረሱም ከረጢት እንዲሁ ነው፤ እርሾው ተሕዋስያኑ ናቸው፣ የለመዱትም ሳር ነው። ባንዴ አንድ ቁና ገብስ ሲመጣ ትንሹ አንጀት ሁሉንም መፍጨት ያቅተዋል። ያልተፈጨው እህል ወደ ከረጢቱ ይደርሳል። እዚያ በፍጥነት ይቦካል፣ ይገነፍላል፣ አሲድ ይሆናል። ጥሩዎቹ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ከእነሱ የሚወጣው መርዝ ወደ ደም ይገባል።

ታዲያ የሆድ ነገር እግር ላይ ምን አመጣው? በሰኮናው ውስጥ ያለው አጥንት ከሰኮናው ግድግዳ ጋር የተያያዘው፣ ጥፍራችን ከሥጋችን ጋር እንደተያያዘው፣ በስስ ሥጋ ነው። መርዙ ደም ውስጥ ሲገባ ያ ሥጋ ይቆጣል፣ ያብጣል። ሰኮና ግን እንደ ቆዳ አይለጠጥም። እብጠቱ መሄጃ ስለሌለው ሕመሙ ከባድ ነው። ሲብስ አጥንቱ ከግድግዳው ይላቀቅና ወደታች ይዞራል። ያ ዳማ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የቆመው ሕመሙን ሽሽት ነው። ዓይን አልበላውም። ገብሱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ እህል ወዲያው አቁሙ። ሰኮናውን በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ አቁሙት፣ ውኃው ሲሞቅ ቀይሩት። «ሲራመድ ይለቀዋል» ብላችሁ አትጎትቱት፤ እያንዳንዱ እርምጃ ያንን ስስ ሥጋ ይቀድደዋል። በጋለ ብረት መተኮስም ሌላ ቁስል ከመጨመር በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ቶሎ የተደረሰበት ፈረስ ይድናል።

ታዲያ ምን ይብላ?

መሠረቱ ሳርና ድርቆሽ ነው። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ100 እጅ ሁለት እጅ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 250 ኪሎ ለሚመዝን የጋሪ ፈረስ ይህ 5 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 4 ኪሎው ድርቆሽ፣ ሳር ወይም ጭድ መሆን አለበት። ሥራ የሚበዛበት ከሆነ ገብስ ይጨመርለታል፤ ግን ተከፋፍሎ ነው። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ብዙም ባያልፍ ይመረጣል፤ ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ። ገብሱ ቢከካ የተሻለ ይፈጫል። አዲስ መኖ ስትጀምሩ ደግሞ ከ7 እስከ 14 ቀን እየቀላቀላችሁ አስለምዱት። ተሕዋስያኑ የሚለምዱት ቀስ ብለው ነው።

ጋሪ ነጂዎቻችን ፉርሽካ ይወዳሉ፤ ርካሽ ነው፣ ፈረሱም ይወደዋል። ፉርሽካ ብቻውን ግን ችግር አለው። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው። ለወራት ፉርሽካ ብቻ የበላ ፈረስ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ጥርሱ ይላላል፣ እግሩ ይይዘዋል። መድኃኒቱ እዚሁ ደጃችን አለ፤ የባቄላ፣ የአተርና የሽምብራ ገለባ ካልሲየም አለው። ከፉርሽካው ጋር ቀላቅሉለት።

ጓያ ግን አይሆንም። ጓያ ሲበዛ ሰውን እግሩን እንደሚያሽመደምደው ደንቢያ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ፈረስን ደግሞ የጉሮሮውን ጡንቻ ያሰንፈዋል። ሲሮጥ ያፏጫል፣ ይታፈናል፣ የኋላ እግሩም ይከዳዋል። እህል ሲወደድ «ጓያም እህል ነው» የሚል ይመጣል። አትስሙት።

የሻገተ መኖም እንደዚሁ። ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ የረጠበ ድርቆሽ ውስጡ ይሻግታል። ከብት የሚችለውን ሻጋታ ፈረስ አይችለውም፤ ጉበቱንም አንጎሉንም ይመታዋል። የጠረጠራችሁትን መጣል ይሻላል።

ውኃ ስንት ይጠጣል? የማይሠራ ፈረስ በክብደቱ በየ100 ኪሎው 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ፀሐይ ላይ ጋሪ ሲጎትት የዋለ ግን ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያስፈልገዋል። 250 ኪሎ የሚመዝን የጋሪ ፈረስ ከ25 እስከ 37 ሊትር ገደማ ይጠጣል ማለት ነው። ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ ማጠጣት አይበቃም። ተርሚናል አካባቢ ተራ ሲጠብቁ ባልዲ ውኃ የሚያቀርቡ ልጆች አሉ፤ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ቁርጠት የሚያስቀረው ግን እሱ ነው። ላቡ ጨው ይዞ ስለሚወጣ አሞሌ ጨው ጋጣው ላይ አንጠልጥሉለት። የሚፈልገውን ያህል ይልሳል።

የፈረስ ቁርጠት ምልክቱ ግልጽ ነው። ሆዱን ዞሮ ያያል፣ መሬቱን በእግሩ ይጭራል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይንከባለላል፣ ፋንድያ አይጥልም። ከተማ ውስጥ አንዱ ምክንያት ፌስታል ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፈረስ ከቆሻሻ ክምር ላይ የምግብ ሽታ ያለውን ፌስታል ይውጣል። አንጀቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ቁርጠት የያዘው ፈረስ ለነገ አያድርም። የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ያስፈልገዋል። በአፉ ምንም አታፍስሱለት፤ ኑግም፣ አረቄም፣ የሳሙና ውኃም።

ጥርሱንም እዩለት። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድዱ ቀስ እያለ ይወጣል። ዳሩ ይሾልና ጉንጩን ይቆርጠዋል። ያላመጠውን ሳር ድብልብል አድርጎ ከአፉ ከጣለ፣ ፋንድያው ውስጥም ሙሉ ገብስ ከታየ፣ ችግሩ ጥርሱ ነው። በሞረድ ይስተካከላል።

ጀርባና ሰኮና

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል ተረታችን። ለማድረስ ግን ጀርባና ሰኮና ይፈልጋል። ገጣባ ፈረስ ላይ ኮርቻ መጫን ቁስል ላይ ድንጋይ መጫን ነው። ከኮርቻው ስር ያለው ግላስ ንጹሕና ለስላሳ ይሁን፤ በላስቲክና በማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ የጋሪ ማሰሪያ ቆዳውን ይልጠዋል። ሰኮና በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መከርከም አለበት።

ቁስሉ የሚጎዳው በራሱ ብቻ አይደለም። በጋሪ ፈረሶች ላይ በሰንሰለት እንደተደረደረ እብጠትና መግል እያወጣ የሚሄድ በሽታ አለ፤ ፈንገስ ነው የሚያመጣው፣ የሚገባውም በቁስል ነው። የታመመውን ፈረስ ማሰሪያ ለጤነኛው ካዋላችሁ ታስተላልፋላችሁ። ገና አንድ ሁለት እብጠት ሲታይ ከታከመ ተስፋ አለው፤ አንገትና ደረቱን ከሸፈነ በኋላ ግን ከባድ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይመጣል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ከበሽታው ወራት በፊት አስከትቡ።

ባዝራዋን ከማስጠቃት በፊት

ማራባት ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው።

ባዝራ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ድንጉላ ሊፈልጋት ይችላል። አጥንቷ ግን ገና አልጠናም። ሦስት፣ ቢቻል አራት ዓመት እስኪሞላት ጠብቁ። የምትፈልግበት ጊዜ በየ21 ቀኑ ይመጣል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። እርግዝናዋ 11 ወር ገደማ ነው። እዚህ ጋ ሒሳብ መሥራት ጥሩ ነው። ነሐሴ ላይ ብትጠቃ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። ያኔ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ወተቷ ይበዛል። ግንቦት ላይ ብትጠቃ ግን የምትወልደው ሚያዝያ ላይ ነው፤ በጋው ሳሩን ጨርሶታል፣ ውርንጭላውም በደረቅ ጡት ያድጋል።

ፅንሱ አብዛኛውን ክብደት የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ጋሪ የምትጎትት ባዝራ ሳይ ልቤ ይደማል። የባለቤቱን ኑሮም አውቃለሁ፤ ጋሪው ካልሄደ ምሣ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ከማስጠቃት በፊት መነሳት አለበት። ለሦስት ወር ሥራ ላሳርፋት እችላለሁ ወይ? ካልቻልኩ ባላስጠቃት ይሻላል። ይህ ሒሳብ ጨካኝ ይመስላል። ሜዳ ላይ የጨነገፈች ባዝራ ከማየት ግን ይቀላል።

ድንጉላውንም ምረጡ። የሚናከስ፣ እግሩ የተጣመመ፣ ገና በልጅነቱ የሚያነክስ ድንጉላ ልጆቹም እንደዚያው ናቸው። አባት ከልጁ፣ ወንድም ከእህቱ እንዳይገናኝ ተጠንቀቁ። ለማራባት የማይመረጠውን ድንጉላ በሐኪም ማኮላሸት ይበጃል። ሰንጋ ፈረስ የተረጋጋ ነው፤ ገበያ ውስጥም ባዝራ እያየ አይነሳም።

ውርንጭላው ሲወለድ ሦስት ሰዓት ቁጠሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል። በሦስት ሰዓት ውስጥ የእንግዴ ልጁ ይወጣል። ከእነዚህ አንዱ ከዘገየ ሐኪም ጥሩ። በተለይ የእንግዴ ልጁ። ላም ላይ አንድ ቀን ቢዘገይ የምንታገሠውን ባዝራ ላይ አንታገሠውም፤ በቶሎ ይመረዛትና ሰኮናዋን እንደዚያ ዳማ ይይዛታል። የመጀመሪያው ወፍራም ወተት ደግሞ ለውርንጭላው ክትባቱ ነው። «እንገር ሆዱን ይነፋዋል» ብሎ አልቦ መጣል ውርንጭላውን በማስታጠቅ ፈንታ ባዶ እጁን ጦር ሜዳ መላክ ነው።

በቅሎ ማራባት ለሚፈልጉም አንድ ነገር። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል። አባቱ አህያ ነው። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62። በቅሎ 63 ይዞ ይወለዳል። ይህ ጎዶሎ ቁጥር እኩል ስለማይከፈል ነው በቅሎ የማትወልደው። በሌላ በኩል የባዝራዋ ሰውነት የአህያውን ደም እንደ ባዕድ ሊቆጥረው ይችላል። በሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ባሉት በቅሎ እርግዝናዎች ወተቷ ውስጥ የልጇን ደም የሚሰብር ነገር ይገባል። የተወለደው በቅሎ ደህና ጠብቶ ከዋለ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደከመና ዓይኑና ድዱ ቢጫ ከሆነ ጡት አስጥሉትና ሐኪም ጥሩ። «ምች መታው» እየተባለ የሚሞተው ብዙ ነው።

አሮጌ ፈረስስ? ይህ የሚያመኝ ጥያቄ ነው። ሥጋው አይበላም፣ ጉልበቱም አልቋል፣ ስለዚህ ማታ መንገድ ዳር ይለቀቃል። ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል፤ አንዳንዴ ሳይሞት። ፋሲል መዋኛ አጠገብ ለንጉሥ ፈረስ መታሰቢያ እንደተሠራ የሚነገርለት የዞብል መቃብር ዛሬም ቆሟል። መሪዎቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ የቋራው ካሳ አባ ታጠቅ የተባለው በፈረሱ ነው። 15 ዓመት የሠራን ፈረስ ለጅብ መተው የዚህ ከተማ ወግ አይደለም። የማይድን ከሆነ ሐኪም በመርፌ በሰላም ያሳርፈዋል።

ወደ ውሻው ስንመጣ

ፋሲካ ነው። ማራኪ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ በግ ታርዷል። አራጁ ጉበቱን አወጣና ገለበጠው። አንድ ጠርዙ ላይ እንቁላል የምታህል፣ ውኃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት አለች። «ይቺ አትበላም» አለና ቆርጦ ለውሻው ወረወረለት። ውሻው በአየር ላይ ቀለባት። ልጆቹ ሳቁ።

በዚያች ከረጢት ውስጥ የትል እንቡጦች ተከማችተዋል። ውሻው ሆድ ሲገቡ ወደ ትንንሽ የኮሶ ትሎች ያድጋሉ። ከሳምንታት በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጁ ውሻውን ያቅፋል፣ ከዚያ ቁራሽ ዳቦ ይበላል። እንቁላሉ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያንኑ ዓይነት የውኃ ከረጢት ይሠራል። ዓመታት ይወስዳል። አንድ ቀን ሆዱ ያብጥና ቀዶ ሕክምና ይባላል። ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ አይሰጥም። ወይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቀቀል፣ ወይ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር። ውሻውም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ይዋጥ። ዋጋው ቀላል ነው።

ሳህኑን ደግሞ እንይ። አብዛኛው የጎንደር ውሻ የሚበላው የተረፈ እንጀራ በወጥ ነው። እንጀራው ሆድ ይሞላል፣ ሽሮው ላይ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ዛሬ በልቶ ዛሬ አይሞትም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደሙ ይሳሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል። ወጡ ሽንኩርት ሳይገባበት ለእሱ ትንሽ ምስር ወይም ክክ ለብቻው ቀቅሉለት። ጨውና በርበሬ አያስፈልገውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ግቢው ውስጥ ሥጋ አይገባም፤ እሱ ግን አይጾምም። እንቁላል፣ የተቀቀለ ምስር፣ ከዶሮ ቤት የሚገኝ የተቀቀለ ውስጥ ዕቃ ያቆየዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አትስጡት፤ ይሰነጠቅና አንጀቱን ይወጋዋል። ቸኮሌትና ወይንም መርዙ ናቸው።

በቂ መብላቱን በእጃችሁ ታውቃላችሁ። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ ይሰማችሁ፣ በዓይን ግን አይቆጠር።

አሁን አሁን ጀርመን ሸፐርድ ማራባት ቢዝነስ ሆኗል። ቡችላው ሥጋ ብቻ ይበላል፤ ባለቤቱ ስስታም ስላልሆነ ይኮራል። ሥጋ ብቻውን ያለው ካልሲየም በጣም ጥቂት ነው። በፍጥነት የሚያድገው ቡችላ እግሩ ይጣመማል። የዚህ ዝርያ ዳሌ ደግሞ በዘር የሚተላለፍ ችግር አለበት፤ እናትና አባቱ የሚያነክሱ ከሆነ ልጆቹን አትግዙ። ሴቷንም በመጀመሪያው ወቅቷ አታስጠቁ። አብዛኛዋ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ትፈልጋለች፤ ያኔ ራሷ ቡችላ ናት። ሁለት ዓመት ገደማ ይሙላት። እርግዝናው 63 ቀን አካባቢ ነው። ስታጠባ ምግቧ በእጥፍ፣ ቡችሎቿ ብዙ ከሆኑም ከዚያ በላይ ይሁን።

ቡችላ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይ። መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡት አብዛኞቹ ገና አምስት ሳምንትም አልሞላቸውም። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ውሻ ዓለምን የሚማርበት ነው። ሲነክሱት እንደሚያም ከወንድሞቹ ይማራል። ሰው፣ ሕፃን፣ ባጃጅ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት እንደማይበሉት ይማራል። ያንን ጊዜ በሰንሰለት ያሳለፈ ውሻ ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል፣ ፈሪ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ጆሮውን መቁረጥ ደፋር አያደርገውም። አንዳንዱ ይህን ብዬው «ዶክተር፣ አባቶቻችን እንዲህ ነው ያደረጉት» ይለኛል። እኔም መልሼ፣ «አባቶቻችሁ ጥሩ ጠባቂ ውሻ ነበራቸው፤ ጥሩ ያደረገው ግን የጆሮው መቆረጥ ሳይሆን ግቢውን ሲዞር መዋሉ ነው» እለዋለሁ።

የማታራቡትን አስመክኑ። አንድ ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። «ስትወልድ ሰው ይወስዳቸዋል» የሚለው ተስፋ መጨረሻው ቆሻሻ መጣያው ጋ ነው። ልቅ ውሾች ሲገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ የብልት እጢ አለ፤ ደም ሲያንጠባጥብ ይታያል። በየሳምንቱ በሚወሰድ መርፌ ይድናል። የተመከነ ውሻ ግን ያንን ፍለጋ አይወጣም።

እብደቱ

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳልናገር አላልፍም። ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100 እጅ 99 እጁ ከውሻ ነው የሚመጣው። ከንክሻው ቦታ በነርቭ ላይ እየተሳበ ወደ አንጎል ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ ይከላከሉታል። የጊዜ ነገር ነው።

ውሻ ከነከሳችሁ መጀመሪያ ወደ ቧንቧ። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ያዙ፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ለክትባቱ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ መርፌውን ግን አያዘግይ። ውሻውን አትግደሉት። ማምለጥ በማይችልበት ቦታ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ደህና ከቆየ ሲነክሳችሁ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም። ፈረስም፣ ላምም፣ አህያም ይለከፋሉ። «ፈረሴ ግድግዳ እየነከሰ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ውሻ ነክሶት እንደሆነ ነው።

ውሻው በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። በአንድ ከተማ ከውሾቹ 70 እጅ ከተከተቡ በሽታው መተላለፍ ያቆማል። ልቅ ውሾችን በመርዝ መግደል ይህን አያመጣም። የተከተበውም ይሞታል፣ የተረፈው ሰፈር ለአዲስ ያልተከተበ ውሻ ክፍት ይሆናል።

ከእኛ በስተሰሜን ስሜን ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፤ አዋቂዎቹ በጠቅላላ ከ500 አይበልጡም። የሚገድላቸው ትልቁ ነገር ከውሻ የሚጋባ በሽታ ነው። ባሌ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። የገባው ከእረኛ ውሻ ነው። ደባርቅና በፓርኩ ዙሪያ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ለጠባቂነት ቡችላ ስትልኩላቸው የክትባት ካርዱን አብራችሁ ላኩ። ክትባት ካልወሰደ ወይም ካለፈው መርፌ አንድ ዓመት ካለፈው ከመሄዱ በፊት አስከትቡት፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ወር እናንተው ጋ ይቆይ።